ሰፊ ግንድ ሲሰነጠቅ የመጨረሻው ጣውላ ለምን ሽብልቅ ይሆናል? የተንቀሳቃሽ ባንድ ሶ ምላጭ አስተካከል

ጣውላ ከጅማ

ሰላም ለሁላችሁም። ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቦታ በተንቀሳቃሽ ባንድ ሶ (እንደ ቀበቶ በሚዞር ምላጭ ግንድ በሚሰነጥቅ ማሽን) ባህር ዛፍ፣ ግራቪሊያና የፈረንጅ ጥድ እየሰነጠቅን ለአናጺዎችና ለቤት ሠሪዎች እናቀርባለን። ማሽኑ ከሌላ ሰው የተገዛ፣ አገልግሎት የሰጠ ነው። ሞተሩ 13 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር ሲሆን፣ ምላጩ የሚዞርባቸው ሁለት ጎማዎች እያንዳንዳቸው 48 ሳንቲሜትር ዲያሜትር አላቸው። የምላጩ ወርድ 32 ሚሊሜትር፣ ዙሪያው ደግሞ 4 ሜትር ገደማ ነው። መመሪያ መጽሐፍ ከማሽኑ ጋር አልመጣልንም።

ችግሩ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው፣ ምላጩ ግንዱን እንደነካ በመጀመሪያው ግማሽ ሜትር ውስጥ ሽቅብ ይወጣና ቀስ በቀስ ወደ መስመሩ ይመለሳል፤ በቀሪው ግንድ ጫፍ ላይም እብጠት ጥሎ ያልፋል። ሁለተኛው፣ 45 ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለውን ግንድ በአራት ማዕዘን ሳወጣው ማዕዘኑ ቀጥ አይልም፤ ከጣውላዎቹም መካከል በአንዱ ጠርዝ ከሌላው 3 ወይም 4 ሚሊሜትር የሚወፍር ይገኛል። ጠባብ ግንድ ላይ ይህ ሁለተኛው ችግር አይታይም። ብሎኖቹን በግምት ከመነካካቴ በፊት ከየት መጀመር እንዳለብኝ ልጠይቃችሁ ብዬ ነው።

የሰቃ መንገድ

ወንድሜ፣ ምላጩ ላልቷል። የላላ ምላጭ እንደፈለገው ይዋኛል፤ ጠበቅ አድርገው ይወጥሩትና ይሞክሩት። ሰፊ ግንድ ላይ የሚብሰውም ለዚሁ ነው፤ ስፋቱ ሲጨምር ምላጩ ያለ ድጋፍ የሚሄድበት ርቀት ይረዝማል።

በርጩማ ሠሪዋ

እኔ ማሽን አልነዳም፤ ጣውላ ገዝቼ በርጩማና ጠረጴዛ የምሠራ ነኝ። ነገር ግን ጣውላው እጄ ላይ የሚደርሰው በመጨረሻ ስለሆነ ጉድለቱን የማየው እኔ ነኝ። በአንድ ጠርዝ 4 ሚሊሜትር የወፈረ ጣውላ ለመላጊያ ማሽን ሲሰጥ፣ ወፍራሙን ጠርዝ ከቀጭኑ ጋር ለማስተካከል ያንን ሁሉ እንጨት ወደ ፍቅፋቂነት መለወጥ ግድ ይሆናል፤ ኪሳራው የገዢው ነው።

አንድ ያስተዋልኩትን ልንገራችሁ። ከአንድ ግንድ የወጡ ጣውላዎችን በወጡበት ቅደም ተከተል ስደረድራቸው፣ መካከለኞቹ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ጠርዝ እኩል ናቸው። ሽብልቅ ሆኖ የሚመጣው ከታች የቀረው፣ ማለትም አልጋው (ግንዱ የሚያርፍበት የማሽኑ ክፍል) ላይ ተኝቶ የነበረው የመጨረሻው ጣውላ ነው። የእርስዎም እንደዚሁ ከሆነ ቢነግሩን ምናልባት ለባለሙያዎቹ ይጠቅማቸዋል።

ጣውላ ከጅማ

እህቴ፣ ይህንን ለይቼ አላየሁትም ነበር። ዛሬ ከሰዓት የተሰነጠቀውን አንድ ግንድ በቅደም ተከተል ደርድሬ ለካሁት፤ እንዳሉት ነው። የታችኛው ሽብልቅ ነው። ከእሱ ሌላ ሽብልቅ ሆኖ ያገኘሁት፣ ግንዱ ከጠበበ በኋላ የምላጩን መሪ (ምላጩን ከላይ ተጭኖ መስመር የሚያስይዘውን ሮለር፤ ከሁለቱ አንዱ እንደ ግንዱ ስፋት ይንቀሳቀሳል) ወደ ውስጥ አስጠግቼ መጀመሪያ ያወጣሁትን ጣውላ ነው። የቀሩት ደህና ናቸው።

ሞረድ

ከአጋሮ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ምላጭ እየሳልኩ ስለምተዳደር ነገሩን ከጥርስ በኩል ማየቴ አይቀርምና፣ አስተያየቴ በዚህ ይመዘን።

አንድም ብሎን ከመንካትዎ በፊት አዲስ ወይም በትክክል የተሳለ ምላጭ ያስገቡና አንድ ግንድ ይሰንጥቁ። ምላጭ መቀየር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ የተሳሳተ ብሎን ማዞር ግን ማሽኑን ከነበረበት ያርቀዋል። አንደኛው ችግርዎ፣ ማለትም ግንዱን ሲጀምር ሽቅብ መውጣቱ፣ ብዙ ጊዜ የደነዘዘ ወይም ጥርሱ እኩል ያልተከፈተ ምላጭ ጠባይ ነው። የእንዲህ ዓይነት ምላጭ ጥርሶች አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ታጥፈው ተከፍተው፣ በመካከላቸው ቀጥ ያለ ጥርስ ይኖራል። በእያንዳንዱ ጎን ያለው አከፋፈት ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ወደ ላይ የተከፈቱት ወደ ታች ከተከፈቱት የበለጠ ከወጡ ምላጩ ወደ ላይ ይጎትታል፤ ተቃራኒው ከሆነ ወደ ታች ይሰምጣል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ በዓይን አይለይም፤ በመለኪያ እያንዳንዱን ጥርስ ማየት ያስፈልጋል። አንዳንድ ሳዮች የጥርሱን ጫፍ ብቻ በድንጋይ ነክተው ይመልሳሉ። ጥርሱ በተሳለ ቁጥር አከፋፈቱ እየጠበበ ስለሚሄድ ምላጩ ስለታም ሆኖም በእንጨቱ ውስጥ ይታነቃል፣ ይግላል፣ መስመርም ይስታል።

በተጨማሪም የግንዱን ልጣጭ ይመልከቱ። በእኛ አገር ግንድ በበሬ እየተጎተተ በቀዩ ጭቃ ላይ ነው የሚመጣው፤ ጭቃው ሲደርቅ በልጣጩ ስንጥቅ ውስጥ አሸዋ ይዞ ይቀራል። ምላጩ በሚገባበት መስመር ላይ ልጣጩን በመጥረቢያ ካላነሱለት፣ አዲስ ምላጭ እንኳ ገና በመጀመሪያው ጣውላ ይደነዝዛል።

ውሃ ልክ

የበርጩማ ሠሪዋ ምልከታ ከሁላችን ጥያቄ የቀደመ ስለሆነ ከእርሱ ልነሳ። ምላጩ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ ቢቆርጥም፣ በየጊዜው በተመሳሳይ መጠን ዘንበል እስካለ ድረስ የላይኛውና የታችኛው ቁርጥ ትይዩ ይሆናሉና ጣውላው እኩል ውፍረት ይኖረዋል። ዝንባሌው የሚጋለጠው፣ ከታች ያለው ፊት በአልጋው ላይ የተኛ፣ የላይኛው ፊት ደግሞ በምላጩ የተቆረጠ በሆነ ጣውላ ላይ ነው፤ እርሱም የመጨረሻው ነው። መሪው በሁለት ቁርጥ መካከል ቦታውን ሲቀይር የወጣው ጣውላም ሽብልቅ መሆኑ ዝንባሌው ከመሪው አቀማመጥ ጋር አብሮ እንደሚለዋወጥ ያመለክታል። እንግዲህ ሁለተኛው ችግርዎ የጥርስ አይደለም፤ የምላጭና የአልጋ ትይዩነት ጉዳይ ነው። የባህር ዛፍ ውስጣዊ ውጥረትም ሊሆን አይችልም። ያ ውጥረት ግንዱን በርዝመቱ ያጎብጠዋል፤ ጣውላው መሃሉ ላይ ወፍሮ ጫፉ ላይ እንዲሳሳ ወይም እንዲገለበጥ ያደርጋል እንጂ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሽብልቅ አያደርገውም።

አሁን ወደ አስተካከሉ ልግባ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም ኋላ የሚስተካከለው ሁሉ ቀድሞ በተስተካከለው ላይ ይቆማል። መሪዎቹን በሚገባ አስተካክሎ ከዚያ ጎማውን የነካ ሰው ሥራውን እንደገና ይጀምራል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሻማውን ገመድ ይንቀሉ። ጎማውን በእጅ እያዞሩ ሲሠሩ ሞተሩ በድንገት ሊነሳ ይችላል። ጓንትም ያጥልቁ፤ ከጎማው የወጣ ምላጭ እንደ ሽቦ ተፈትቶ ይዘልላል።

መጀመሪያ አልጋው። ማሽኑ የቆመበት መሬት ዝናብ ሲጠጣ ይሰምጣል፤ ጅማ ደግሞ ዝናብ የሚርቃት ከተማ አይደለችም። አልጋው ፍጹም ውሃ ልክ ባይሆን ችግር የለውም፤ መጣመም ግን የለበትም። ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ሁለት ሲባጎ በሰያፍ ይወጥሩ፤ መሃል ላይ ሲሻገሩ ልክ መነካካት አለባቸው። ከዚያም ሲባጎዎቹን ቦታ አለዋውጠው፣ የታችኛውን ከላይ አድርገው ይድገሙት። በመካከላቸው ክፍተት ከታየ ወይም አንዱ ሌላውን ከገፋው አልጋው ተጣሟል፤ ከእግሮቹ ሥር ያለውን ድጋፍ ያስተካክሉ።

ቀጥሎ ጎማዎቹ። ሁለቱንም መሪዎች ምላጩን እስከማይነኩት ድረስ ወደ ላይ ያንሷቸው፤ ምላጩንም በተለመደው መጠን ይወጥሩት። ጎማዎቹ ላይ የተጠለፈው ቺንጋ ከብረቱ ጠርዝ ከፍ ብሎ መታየት አለበት። ቺንጋው አልቆ ምላጩ ብረቱን የሚነካ ከሆነ መቀየር እንጂ ማስተካከል አይጠቅምም። አሁን ጎማውን በእጅዎ እያዞሩ ምላጩ የሚሄድበትን መስመር ይመልከቱ። ለ32 ሚሊሜትር ምላጭ፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው የጎድጓዳው ሥር ከጎማው የፊት ጠርዝ 3 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውጭ ወጥቶ መሄድ አለበት፤ ይህም በሁለቱም ጎማዎች ላይ ተመሳሳይ ይሁን። ጥርሱ ቺንጋው ላይ ከወጣ አከፋፈቱ ይጠፋል፣ ቺንጋውም ይበላል፤ ምላጩ በጣም ወደ ውጭ ከወጣ ደግሞ በሥራ ላይ ከጎማው ሊወድቅ ይችላል። የጎማውን ማዘንበያ ብሎን በሩብ ዙር ብቻ እያዞሩ፣ ከእያንዳንዱ ሩብ ዙር በኋላ ጎማውን ደጋግመው ያዙሩ፤ ምላጩ አዲሱን መስመር ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋል።

ሦስተኛው ከፍታው ነው። መሪዎቹ አሁንም እንደተነሱ፣ በሁለቱም ጎማዎች አጠገብ ከአልጋው እስከ ምላጩ ያለውን ቁመት ይለኩ። መለኪያውን በምላጩ ገላ ላይ ያሳርፉ፤ በተከፈተ ጥርስ ላይ ከለኩ ግማሽ ሚሊሜትር ስህተት ይጨምራሉ። በሁለቱ ቁመቶች መካከል ያለው ልዩነት ከ1.5 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። ከበለጠ የጎማዎቹ ወይም የመጋዙ ራስ (ጎማዎቹንና ምላጩን የተሸከመው፣ ከፍ ዝቅ የሚለው ክፍል) ዝንባሌ ነው፤ በመሪዎቹ ሊያስተካክሉት አይሞክሩ።

አሁን መሪዎቹን ያውርዱ። እያንዳንዱ መሪ ምላጩን ከነጻ ቦታው 6 ሚሊሜትር ያህል ወደ ታች መግፋት አለበት። ይህ ግፊት ምላጩን በመሪው ላይ አጣብቆ እንዳይርገበገብ ያደርገዋል። ሁለቱም እኩል ከገፉ፣ ቀደም ብሎ የተገኘው ትይዩነት ይጠበቃል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ቀጣዩ ነው። መሪው ራሱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያጋደለ እንደሆነ ምላጩን አብሮት ያጋድለዋል። ጥርሱ ከጀርባው ከፍ ካለ ምላጩ ይወጣል፤ ዝቅ ካለ ይሰምጣል። ይህንን ለማየት 30 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጠፍጣፋ ብረት ያዘጋጁ። ጥርሶቹ ጋ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ትንሽ ጎድጎድ አድርገው በሞረድ ይሞርዱት፤ የተከፈተው ጥርስ ብረቱን እንዳያነሳው ነው። ብረቱን በምላጩ ላይ በአግድም፣ በመሪው አጠገብ ያስተኙትና በማግኔት ያጣብቁት፤ ከተቃጠለ የድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በቂ ነው። የብረቱን የፊት ጫፍና የኋላ ጫፍ ከአልጋው ያላቸውን ቁመት ይለኩ። በሁለቱ መካከል ከ1 ሚሊሜትር በላይ ልዩነት ካለ የመሪውን የጎን ብሎኖች ያስተካክሉ፤ ከዚያም በሌላኛው መሪ አጠገብ ይድገሙት።

በመጨረሻም የመሪው የኋላ ከንፈር። ማሽኑ ያለ ሥራ ሲዞር በከንፈሩና በምላጩ ጀርባ መካከል ከ1.5 እስከ 3 ሚሊሜትር ክፍተት ይኑር። ምላጩ ከንፈሩን መንካት ያለበት እንጨት ሲገፋው ብቻ ነው። ሁልጊዜ እየተፋተገ የሚሄድ ከሆነ ጀርባው ይግላል፣ ይጠነክራል፤ ስንጥቅ የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

የሰቃ መንገድ

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ውጥረቱን ረስተውታል። እኛ ጋ ማሽኑ መወላገድ ሲጀምር መወጠሪያውን ትንሽ ስንጨምርለት ይስተካከላል። በተግባር ያየነው ነው።

ውሃ ልክ

አልረሳሁትም፤ ውጥረቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እናንተ ጋ ሲጨመርለት የሚስተካከለው ምላጩ በሥራ ላይ ስለሚግል ይመስለኛል። ብረት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በእያንዳንዱ ሜትር 0.012 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። 4 ሜትር ዙሪያ ያለው ምላጭ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 1.4 ሚሊሜትር ይረዝማል ማለት ነው፤ ይህም ስፕሪንግ በሌለው የብሎን መወጠሪያ ላይ ውጥረቱን በግልጽ ያላላዋል። ስለዚህ በሥራ መካከል መወጠሪያውን መመልከት ተገቢ ነው። የሚወጠረው ግን አምራቹ ለዚያ ወርድና ውፍረት እስከወሰነው መጠን ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ምላጩ በብየዳው በኩል ይበጠሳል፣ የጎማውም ኩሽኔታ ያልቃል። ማታ ሥራ ሲያበቃ ደግሞ ያላሉት፤ ምላጩ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ስለሚያጥር ሌሊቱን ሙሉ ከመጠን በላይ ተወጥሮ ያድራል፣ ቺንጋውም ላይ አሻራ ይተዋል።

የእኔ ተቃውሞ አንድ ነው። ዘንበል ያለ መሪ ላይ ምላጩን ማጥበቅ ምላጩን በዚያው ዝንባሌ ላይ አጥብቆ ማሰር ነው፤ ሽብልቁ አይጠፋም።

ጣውላ ከጅማ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተሰጠኝ ቅደም ተከተል ሄጃለሁና ያገኘሁትን ልዘርዝር።

በሞረድ ምክር መሠረት መጀመሪያ አዲስ ምላጭ አስገባሁ። ሲጀምር ሽቅብ መውጣቱ ወዲያውኑ ጠፋ፤ ሽብልቁ ግን እንደነበረ ቀረ። ስለዚህ ሁለቱ ችግሮች ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች እንደነበሯቸው ግልጽ ሆነልኝ። የወጣውን ምላጭ በመለኪያ ሳየው፣ ወደ ላይ የተከፈቱት ጥርሶች በአማካይ 0.55 ሚሊሜትር፣ ወደ ታች የተከፈቱት 0.35 ሚሊሜትር ሆነው ተገኙ።

አልጋው በሲባጎው ፈተና አልፏል። የጎማዎቹ መስመር በሞተሩ በኩል 3፣ በሌላው በኩል 5 ሚሊሜትር ነበረ፤ በማዘንበያው ብሎን አስተካክዬ ሁለቱንም 3 ላይ አድርሻለሁ። መሪዎቹ ተነስተው ሳለ ከአልጋው ያለው ቁመት በሁለቱም ጎማዎች አጠገብ እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ከ1 ሚሊሜትር በታች ነው። መሪዎቹን አውርጄ 6 ሚሊሜትር አስገፋኋቸው፤ የሁለቱንም ማጋደል በጠፍጣፋው ብረት አይቼ አስተካከልኩ። ከንፈሮቹንም 2 ሚሊሜትር አራቅኋቸው።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ 50 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ግንድ ሰነጠቅሁ። የታችኛው ጣውላ አሁንም ሽብልቅ ነው፤ ቀጭኑ ጠርዝ በሚንቀሳቀሰው መሪ በኩል ነው። ምን ቀረኝ?

ሊሙ

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። መሪዎቹን ሲያስተካክሉ የሚንቀሳቀሰው መሪ የት ላይ ቆሞ ነበር? ወደ ውስጥ ተጠግቶ ወይስ ተከፍቶ?

እኔ በሊሙ ገነት የምሠራበት ማሽን የእርስዎን ይመስላል። የሚንቀሳቀሰውን መሪ የተሸከመው ክንድ በመጋዙ ራስ መሃል በታሰረ እጅጌ ውስጥ ገብቶ ይወጣል። ሰፊ ግንድ ሲመጣ ክንዱን ወደ ውጭ እንስበዋለን፤ በዚያን ጊዜ አብዛኛው የክንዱ ክፍል ከእጅጌው ወጥቶ ያለ ድጋፍ ይንጠለጠላል። በእጅጌው ውስጥ ያሉት ተንሸራታች ማረፊያዎች ካለቁ ክንዱ በራሱ ክብደት ይዘነብላል፤ መሪውም ምላጩን ከ6 ሚሊሜትር በላይ ወደ ታች ይገፋዋል። ክንዱ ወደ ውስጥ ተጠግቶ ሳለ ግን ምንም አይታይም። ጠባብ ግንድ ላይ ችግሩ የማይታየው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

በሌሎች ማሽኖች ላይ እጅጌው ከዳር ስለሚታሰር ነገሩ ይገለበጣል፤ ክንዱ ለጠባብ ግንድ ወደ ውስጥ ሲገባ ነው የሚንጠለጠለው። ስለዚህ ይህንን የሚያነብ ሌላ ሰው መጀመሪያ የራሱን ማሽን አሠራር ይመልከት።

ውሃ ልክ

የሊሙ ጥያቄ ከእኔ ማብራሪያ የጎደለውን ሞልቶታል። ክንዱን እንዲህ ይፈትሹት። ምላጩን ሙሉ በሙሉ አላልተው ከመሪዎቹ ሥር ያውጡት። ክንዱ ወደ ውስጥ ተጠግቶ ሳለ ከመሪው ሮለር ሥር እስከ አልጋው ይለኩ፤ ክንዱን እስከ መጨረሻው ከፍተው እንደገና ይለኩ። ቁጥሮቹ ተመሳሳይ መሆን አለባቸው። ክንዱ በተከፈተበት ቦታ ላይ ሳለ ጫፉን በእጅዎ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላም ይነቅንቁት። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚጫወት ከሆነ፣ እንጨቱ ምላጩን በገፋው ቁጥር መሪውም ያጋድላል ማለት ነው።

ጣውላ ከጅማ

ተገኘ። መሪዎቹን ያስተካከልኩት ክንዱ ተጠግቶ ሳለ ነበር። በሁለቱ መሪዎች መካከል 25 ሳንቲሜትር ሲኖርና 65 ሳንቲሜትር ሲኖር የሮለሩን ቁመት ለካሁ፤ ሲከፈት 5 ሚሊሜትር ይወርዳል። ጫፉን በእጄ ሳነሳው ደግሞ እጅጌው ውስጥ ቋ የሚል ድምፅ ይሰማል።

እጅጌውን ፈታሁት። በውስጡ አራት የፕላስቲክ ማረፊያዎች አሉ፤ ሁለቱ ከታች፣ ሁለቱ ከላይ ናቸው። በውጭው አፍ በኩል ያለው የታችኛው ማረፊያ በአንድ ወገን አልቆ ወረቀት አክሏል፤ በኋለኛው ጫፍ ያለው የላይኛውም እንዲሁ ተበልቷል። በመካከላቸው ሰጋቱራና ሙጫ ተጣብቆ ጠጥሯል። ምትክ ስላላገኘሁ ከጠንካራ ናይለን ተቆርጠው እንዲወጡልኝ ለጋራዥ ሰጥቻለሁ። እስከዚያው ግን ክንዱን በስንት ልተወው? ክፍት ሆኖ እንዲስተካከል ላድርገው ወይስ ተጠግቶ?

ሊሙ

አብዛኛውን ጊዜ በሚሰነጥቁት ስፋት ላይ ያስተካክሉትና፣ ከእጅጌው ሥር ያለውን ማረፊያ ከጀርባው በቀጭን ቆርቆሮ ከፍ ያድርጉት። አንድን ግንድ ከጀመሩ በኋላ ግንዱ እስኪያልቅ ድረስ ክንዱን አያንቀሳቅሱት። መሪውን ወደ ግንዱ አለማስጠጋት በራሱ ጉዳት አለው፤ ምላጩ ያለ ድጋፍ የሚሄደው ርቀት ስለሚረዝም በዝግታ መግፋት ይኖርብዎታል። ናይለኑ እስኪደርስ ግን ከሽብልቅ ይሻላል።

አዲሱን ማረፊያ ሲያስገቡ በግሪስ አይለውሱት። ግሪስ ሰጋቱራን ይሰበስባልና ያንኑ ጠጣር ቅርፊት መልሶ ይሠራል። ደረቁን ይተዉት፤ ማታ ማታ በብሩሽ ይጥረጉት።

ሞረድ

ያ 0.55 እና 0.35 የሆነው ምላጭ አይጣልም። ከመሳሉ በፊት ሁሉም ጥርስ በአንድ ልክ እንዲከፈት ያድርጉ፤ ከዚያ ይሳል። ለባህር ዛፍ በሁለቱም ጎን 0.5 ይበቃል። ጥድ ሲሰነጥቁ ሙጫ እንዳይጣበቅ ምላጩ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ውስጥ ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጨምሩበት። አንዳንዶች ናፍጣ ይጠቀማሉ፤ ሙጫውን ያነሳል፣ ነገር ግን ጣውላው ይሸታል፣ ቺንጋውንም ያበላሻል።

በርጩማ ሠሪዋ

ናፍጣ የሸተተ ጣውላ ቀለምና ቫርኒሽም በወጉ አይዝም። እባካችሁ ውሃውን ተጠቀሙ።

የሰቃ መንገድ

ስለ ክንዱ የተባለውን በእኛም ማሽን ላይ አየሁት። የእኛ 2 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ እስከ ዛሬ ሁሉንም በመወጠሪያው እያሳበብን ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ሰፊ ግንድ ላይ ሞተሩ ሲጨናነቅ ድምፁ ይወርዳል፤ ይህስ ምላጩን ያወላግዳል?

ውሃ ልክ

አዎ፣ ያወላግዳል። የሞተሩ ዙር ሲወርድ የምላጩ ፍጥነት ይቀንሳል፤ የምትገፉበት ፍጥነት ግን ካልቀነሰ እያንዳንዱ ጥርስ ከአቅሙ በላይ እንጨት ይነክሳል፣ ምላጩም መንገድ ይለቃል። እዚህ ላይ የአገራችንን ከፍታ ማስታወስ ይገባል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 ከመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ 13 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠው ሞተር እዚህ ወደ 11 ይጠጋል። ዴዶን ወደመሳሰሉ ከፍ ያሉ ቦታዎች ሲሄዱ ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። ስለዚህ የአምራቹን የመግፊያ ፍጥነት እንዳለ አይውሰዱት፤ ድምፁ መውረድ እንደጀመረ እጅዎን ያዘግዩ። የሞተሩ የአየር ማጣሪያ በሰጋቱራ መታፈን አለመታፈኑን፣ ከሞተሩ ወደ ጎማው የሚሄደው ቺንጋም መንሸራተት አለመንሸራተቱን ይመልከቱ።

ጣውላ ከጅማ

ናይለኖቹ ደርሰው ገጥመናቸዋል። ክንዱ ሲከፈትና ሲጠጋ ያለው ልዩነት አሁን ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም። መሪዎቹን እንደገና ከመጀመሪያው፣ ክንዱን መሃል ላይ አቁሜ አስተካከልኳቸው፤ ከዚያ በሁለቱም ጫፍ ላይ ፈተሽኳቸው። 48 ሳንቲሜትር ስፋት ካለው ባህር ዛፍ የወጣው የታችኛው ጣውላ በአንዱ ጠርዝ 30፣ በሌላው 30.5 ሚሊሜትር ነው።

የቀረኝ አንድ ነገር አለ። የከፍታ ማሳያው መስመር ከትክክለኛው 4 ሚሊሜትር ይለያል። ይህ ከማስተካከሉ የመጣ ነው?

ውሃ ልክ

ከዚያው የመጣ ነው። የመሪዎቹ አቀማመጥ ሲለወጥ ምላጩ ከአልጋው ያለው ቁመትም ይለወጣል፤ ማሳያው ግን የሚያውቀው የመጋዙን ራስ እንጂ ምላጩን አይደለም። ራሱን ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች እያወረዱ፣ በመሪዎቹ መካከል ከአልጋው እስከ ምላጩ ገላ 30 ሳንቲሜትር ላይ ያቁሙት፤ ከታች ወደ ላይ አምጥተው ካቆሙት በሰንሰለቱ ወይም በብሎኑ ላይ ያለው ክፍተት ቁጥሩን ያስትዎታል። ከዚያ የማሳያውን ቀስት ፈትተው 30 ላይ ይሰሩት። ወደታች የተከፈተው ጥርስ ከገላው ግማሽ ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ስለሚቆርጥ፣ ያንን ልዩነት ቀስቱን ሲያስሩ ይቀንሱለት። አዲስ ውፍረት ወይም ሌላ ዓይነት አከፋፈት ያለው ምላጭ በገባ ቁጥር ይህንኑ ብቻ ይድገሙ፤ መሪዎቹን መንካት አያስፈልግዎትም።